የሕያው ሰው ምትክ

ታላቅ ወንድሜ ወደ ሰሜን የዘመተው እኔ ለአቅመ ሔዋን ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ቤታችን ከቡታጅራ ገበያ ወጣ ብሎ፣ የእንሰቱ ጓሮ እስከ ወንዙ አፋፍ በሚወርድበት መንደር ነበር። አባቴ ቃጫና ቅቤ ይነግዳል፤ በቅሎውን ጭኖ አዲስ አበባ ይደርስና ጨውና አቡጀዲ ይዞ ይመለሳል። በእኔና በወንድሜ መካከል የተወለዱት ሁሉ በሕፃንነታቸው ስላለቁ እሱ ለእኔ ወንድምም አባትም ነበር። የምጠራው “ጋሼ” እያልኩ ነው። የገዛ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ኋላ እሱ ራሱ ትቶታልና እኔም እተወዋለሁ።

የዚያን ዓመት ሠርጉ ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። እናቴ ቅቤውን አጠራቅማለች፣ ጉድጓድ የገባው ቆጮ ደርሷል፣ የልጅቷም ቤተሰቦች ጥሎሹን ተቀብለዋል። የክተት ነጋሪት የተጎሰመው ያኔ ነው። አዋጁ በአማርኛ ስለተነገረ ግማሹ ገበያተኛ አልገባውም፤ የሚያውቁት ለማያውቁት በጉራጊኛ እየነገሩ አዳረሱት። ወንድሜ የአባቴን ጠመንጃ ይዞ፣ እናቴ ያሰናዳችለትን ስንቅ በትከሻው አንግቶ ሄደ። ስንለያይ ለእኔ ያለኝ ነገር ቢኖር ጥጃዋን እንዳልረሳት ብቻ ነው።

መርዶው የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አብሮት የዘመተ ጎረቤታችን እግሩን እየጎተተ ተመለሰና ቤታችን ከመግባቱ በፊት ሽማግሌዎቹን አስጠራ። አይሮፕላን ከሰማይ መርዝ ሲረጭ ወንድሜ ሲወድቅ በዓይኑ ማየቱን ነገራቸው። ከወደቁበት ቦታ የተነሣ ሰው አልነበረም አለ። እናቴ በዚያን ጊዜ ማንም ባላሰበው ዕድሜዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሽማግሌዎቹ እንንገራት አንንገራት ተከራክረው በመጨረሻ ጎህ ሲቀድ መጡ። ደጃፉ ላይ ተሰብስበው ባየቻቸው ጊዜ ከአፋቸው ቃል ሳይወጣ አወቀች። ሆዷን እንዳትመታ ሁለት ሴቶች እጆቿን ይዘዋት ነበር፤ እጇን ተይዛ ማልቀስ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ጠዋት ነው። ደረቷን የምትመታበት እጅ ስላጣች ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ብቻ ትወዘውዝ ነበር።

ልቅሶውን እንደ ወጉ እንኳ አላለቀስነውም። አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ወድቃለች፣ ጣልያን ወደኛም እየመጣ ነው ይባል ስለነበር ሰው በብዛት መሰብሰብ ፈራ። ተዝካሩ በጥቂት ሰው ወጣ። እጮኛው ፀጉሯን ተላጭታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። ከሐዘኑ ስትወጣ ወላጆቿ ለሌላ ዳሯት፤ ማንም አልወቀሳቸውም፣ እናቴም መርቃ ነው የሸኘቻት።

ከዚያ ወንድ ልጅ ተወለደ። ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት። አራስ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች “ምትኩ በሉት” አለች።

በቤታችን የምንነጋገረው በጉራጊኛ ነው። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ለምን በአማርኛ እንደሰየመችው ጠየቀቻት። እናቴም ልጇን የወሰደባት ጥሪ በአማርኛ እንደነበር፣ ምትኩም በዚያው ቋንቋ ቢጠራ ምንም እንደማይከፋ መለሰችላት። ክርስትና ሲነሣ ቄሱ ሌላ ስም ሰጡት፤ ያን ስም ቄሱና እግዜር ይወቁት እንጂ ከቤታችን ማንም ጠርቶት አያውቅም።

ሞት በገባበት ቤት የሚወጣ ስም ብዙ ነው። ካሳ አለ፣ ማስረሻ አለ፣ ተካ አለ። እነዚህ ሐዘንተኛውን ለማጽናናት የሚሰጡ ናቸው፤ ሟቹን አያነሡም። ምትኩ ግን በውስጡ ሌላ ሰው አለ። “የእሱ ምትክ” ነው የሚለው። ልጁን በጠሩት ቁጥር ያንን “እሱ” አብረው ይጠሩታል። እናቴ ይህን አውቃ ይሁን ሳታውቅ አልጠየቅኋትም። ልጁን ስትጠራው ግን መጀመሪያ ትንሽ ቆም ትል እንደነበር አስታውሳለሁ።

ጣልያኖች ቡታጅራ ገብተው ከሰፈሩ በኋላ የመጀመሪያው ትእዛዛቸው የዘመተ ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ ይግባ የሚል ነበር። ጠመንጃ ደብቆ የተገኘ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል፤ ሽፍታ ምን እንደሚደረግም ከገበያው ዳር ካለው ዛፍ ላይ ሁላችንም አይተነዋል። የሠፈራችን ሹም ቤታችን መጥቶ የአባቴን ጠመንጃ ጠየቀ። አባቴ ጠመንጃው ከልጁ ጋር ማይጨው መቅረቱን ነገረው። ሹሙ መርዶውን ራሱ መጥቶ ያለቀሰ ሰው ስለነበር አልተከራከረም።

ወንድሜ የመጣው በሚቀጥለው ክረምት ነው። እናቴና እኔ ከጓሮ እንሰት እንፍቅ ነበር፤ ሕፃኑን እኔ አዝዬዋለሁ። ካፊያ ይጥላል። ከወንዙ በኩል የእንሰቱ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ጥጃ የገባ መስሎኝ ዱላ አነሣሁ። ከቅጠሉ መሐል የወጣው ሰው ጢሙ የጎፈረ፣ ዓይኖቹ የሚያለቅሱ የሚመስሉ፣ የሁለት እጆቹ ቆዳ ተልጦ እንደገና የበቀለ የሚመስል ነበር። እኔ አላወቅኩትም። እናቴ ግን የምትፍቅበትን ቀርቀሃ ጣለችና እጇ እንደ ነጣ፣ በእንሰት ጭማቂ እንደ ራሰ፣ የግራ ጆሮውን ያዘች። ልጅ ሳለ ውሻ የነከሰው ጠባሳ እዚያ ላይ ነበር። አልጮኸችም። አፏን በሌላ እጇ ይዛ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ጋሼ አጠገቧ ተንበረከከ። መርዙ እንደመታው፣ ሲወድቅ ከሞቱት ጋር እንደተቆጠረ፣ የዋድላ ሰዎች አንሥተው እንዳስታመሙት፣ ጠመንጃውን ማን እንደወሰደው እንኳ እንደማያውቅ ቆይቶ ነገረን። በዚያች ሰዓት ግን የጠየቀው ሌላ ነው። ጀርባዬ ላይ ያለውን ሕፃን አየና ከእኔ የተወለደ መስሎት ፊቱ ተለወጠ። የእናታችን ልጅ መሆኑን ነገርኩት። ያኔ ፈገግ ብሎ ጉንጩን ነካ አደረገውና “ስሙ ማነው?” አለ።

እናቴን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ስለዚህ እኔ ነገርኩት።

“ምትኩ” አልኩት።

“የማን?” አለ።

እናቴ ቀና ሳትል “ያንተ” አለችው።

እጁን ከሕፃኑ ጉንጭ ላይ አነሣ። ወደ ቤት ስንገባ ከኋላ ነበር የሚመጣው፤ የራሱ ቤት ደጃፍ ላይም እንደ እንግዳ ግቡ እስኪሉት ቆሞ ጠበቀ።

አባቴ ከገበያ ሲመለስ አቅፎት አለቀሰ። ለቅሶው እንዳበቃ ግን የነጋዴ ጭንቅላቱ መሥራት ጀመረ። ልጁ አለ ከተባለ ጠመንጃው የት አለ ይባላል። ጠመንጃው ከሟች ጋር ቀረ ያለው አባት ዋሽቷል ይባላል። ሁለቱም ይሰቀላሉ፣ ቤቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ለጊዜው ሞቶ ይቆይ አለ። ቃሉ ይህ ነበር፤ “ለጊዜው ሞተህ ቆይ፤ ሁሉም ያልፋል።” ጋሼ ተስማማ። ሌላ ምን ይበል?

ከከብቶቹ ጋጣ በላይ ያለው ቆጥ የአባቴ ቃጫ ይከመርበት ነበር። ከክምሩ በስተጀርባ መኝታ አበጀንለት። ቀን እዚያ ይውላል፤ ሲመሽ ወርዶ ከኛ ጋር ይበላል፣ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። ሥራ የለመደ ሰው ስለነበር እጁ ሥራ ፈቶ መዋል አልቻለም፤ ከአባቴ ቃጫ እየመዘዘ ገመድ ይገምድ ጀመር። ደስታ ያየሁበት ጊዜ ካለ ምትኩ መዳህ ሲጀምር ነው። መሰላሉ ሥር መጥቶ ሽቅብ እያየ ሲንጫጫ ጋሼ ከላይ ገመድ ያወርድለትና ይጫወቱ ነበር። በስሙ ግን አይጠራውም። “ትንሹ” ነው የሚለው።

ከሁሉ የከፋው መርዶውን ያመጣው ጎረቤታችን ነበር። ሰውዬው ክፉ አይደለም። እናቴን ማጽናናት ግዴታው ስለመሰለው እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ ይላል፤ በመጣ ቁጥርም የወንድሜን አሟሟት ይተርካል። መጀመሪያ ሲወድቅ አየሁት ብቻ ነበር ያለው። እያደር ወንድሜ ከመውደቁ በፊት ጣልያን መግደል ጀመረ፤ ኋላ ደግሞ ቁስለኛ ተሸክሞ አፈገፈገ፤ በመጨረሻ አንድ መድፍ ማርኮ ነበር የሞተው። እናቴ ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች፣ እኔ ወደ ቆጡ ላለማየት የበሩን ሳንቃ እቆጥራለሁ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ጋሼ ወርዶ ቆጮውን እየቆረሰ፣ እንደዚያ ጀግና ከነበርኩ ለምን ተደበቅኩ ብሎ ይጠይቀን ነበር። እንስቃለን ብለን ጀምረን እንተወዋለን።

አንድ የገበያ ቀን እጮኛው የነበረችው ልጅ የቅቤ ቅል ይዛ ከባሏ ኋላ በጀፎሮው፣ በመንደሩ ሰፊ መንገድ ስታልፍ፣ ጋሼ በግድግዳው ስንጥቅ አያት። ሆዷ ገፍቶ ነበር። ቀና ብላ ወደ ቤታችን አየችና አማተበች፤ የሐዘን ቤት ነዋ። ያን ዕለት ምግብ ይዤለት ስወጣ ገመዱን እየገመደ አገኘሁት። “ለእኔ ነው ያማተበችው” አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለሷ አንስቶ አያውቅም።

ወሬ ግን አይቀርም። ማን እንዳወራው እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ከብት ጠባቂ፣ ቆጡ ላይ ሰው ሲያስል ሰምቶ ይሆናል፣ እናቴ ገበያ ላይ የምትገዛው ጨው በዝቶ ይሆናል። አንድ ረፋድ ላይ ሹሙ፣ አንድ ጣልያን መኮንን፣ ጥቂት ባንዳዎችና አስተርጓሚው ግቢያችን ገቡ። አባቴ ገበያ ነበር። አስተርጓሚው ከሰሜን የመጣ፣ ድሮ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ጫማ ያደርጋል፣ ሰው ፊት ለፊት አያይም። የዘመተው ልጅ ተመልሷል የሚል ነገር እንደደረሳቸው ነገረን። እናቴ በተሰባበረ አማርኛዋ ልጇ ማይጨው እንደቀረ መለሰች። ባንዳዎቹ ጋጣውን ፈተሹ፣ አንዱ መሰላሉን ወጥቶ ቃጫውን በጠመንጃው አፈሙዝ ነካ ነካ አደረገው።

ምትኩ በዚህ መሐል ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ አነሣችውና ስሙን እየጠራች አባበለችው። አስተርጓሚው ዘወር አለ።

“ምን አልሽው?” አላት።

“ምትኩ። ስሙ ነው ጌታዬ።”

“የማን ምትክ?”

“የልጄ። ማይጨው የቀረው።”

አስተርጓሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየው። ከዚያ ወደ ጣልያኑ ዞሮ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ምን እንዳለ ኋላ ሹሙ ለአባቴ ነግሮታል። በዚህ አገር እናት በሕይወት ላለ ልጇ ምትክ ብላ ስም አታወጣም፣ እንዲህ ያለው ስም በገዛ ልጅ ላይ ሞት መጥራት ነው፣ ከመሐላም ከምስክርም ይበልጣል ብሎ ነው ያስረዳው። መኮንኑ ሕፃኑን አየ፣ እናቴን አየ። ሙሉ በሙሉ አላመነም መሰለኝ አንድ ነገር ጠየቀ። ሹሙ በጉራጊኛ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፣ አልቅሺለትና ይሂዱልሽ አላት።

እናቴ አለቀሰች። ሕፃኑን አቅፋ፣ ከቆጡ ሥር ቆማ፣ መርዶው በመጣ ዕለት እጇን ተይዛ ያላወጣችውን ሙሾ ያን ዕለት አወጣችው። በሙሉ ስሙ ጠራችው። አስከሬኑን ማን አጠበው፣ ማን ገነዘው፣ ጅብ ነው ወይስ አሞራ የቀበረው እያለች ጠየቀችው። ደረቷን መታች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ የውሸት ለቅሶ ነው እያልኩ ጀመርኩትና እንባዬ ግን እውነተኛ ሆነ። ሹሙ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ጣልያኑ ባርኔጣውን አስተካክሎ ወጣ፣ ሁሉም ተከተሉት።

ውሾቹ መጮህ እስኪያቆሙ ድረስ ጠበቅን። ጋሼ ፀጉሩ ላይ ቃጫ እንደተጣበቀ ከመሰላሉ ወረደ። እናቴ ልታቅፈው እጇን ስትዘረጋ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

“አሁን እኔም አመንኩሽ” አላት።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ አላስቀመጠውም። የእናቴ እህት በወልቂጤ በኩል ትኖር ነበር፤ በዚያ በኩል ጣልያን ወደ ጅማ የሚወስድ መንገድ እያሠራ ከየአገሩ የመጣ የቀን ሠራተኛ ይቀበላል፣ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰውም የለም። ጋሼ እዚያ እሄዳለሁ አለ። አባቴ ለጠላት መንገድ ሲሠራ ማየት አልፈልግም ብሎ ተቆጣ፤ ግን ሌላ የሚሄድበት አገር አልነበረውም። ወደ ወልቂጤ የሚያሻግረው ተራራ ጭጋግ በለበሰበት ማለዳ የገመደውን ገመድ እንደ ነጋዴ በጫንቃው ተሸክሞ ከአባቴ ጋር ሄደ። እናቴ እስከ እንሰቱ ጫፍ ሸኘችው። ሟች ስለሆነ ጀፎሮው ላይ ልትሸኘው አልቻለችም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አባቴ ወልቂጤ ገበያ ሲሄድ እኔ ስንቅ ይዤ አብሬው ሄድኩ። በተራራው ብርድ አልፈን የእናቴ እህት ዘንድ አደርንና በማግሥቱ መንገድ ወደሚሠራበት ሄድን። ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ድንጋይ የሚፈልጡ፣ ድንጋይ የሚሸከሙ፣ ጠጠር የሚበትኑ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት አቧራ ነጥተው። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በወንድሜ ስም ጠየቀ። ማንም አያውቀውም። አንዱን ጠየቅን፣ ሌላውን ጠየቅን፣ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም አሉን። አባቴ ፊቱ ዐመድ መሰለ። በዚያው ቅጽበት አሠሪው ጣልያን ከአፋፉ ላይ “ሚቲኩ! ሚቲኩ!” ብሎ ተጣራ፤ ከድንጋይ ተሸካሚዎቹ መሐል ጎንበስ ያለ ሰው ቀና አለ። ጋሼ ነበር።

ለምሳ ሲለቀቁ ከግራር ሥር ተቀመጥን። አባቴ ይህ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀው። ጋሼ ቆጮውን እያኘከ፣ ሲቀጠር ስም ሲጠይቁት አፉ ላይ የመጣለት እሱ እንደሆነ ነገረን። የራሱን ስም መስጠት አይችልም፣ ያ የሟች ስም ነው። ሌላ ስም ማሰብ ነበረበት፤ ግን ቤታችን ውስጥ በሕይወት ያለው የወንድ ልጅ ስም አንድ ብቻ ነው።

“እሱ ቦታዬን ያዘ፣ እኔ ስሙን ያዝኩ” አለ። “እዳ የለብንም።”

አባቴ ለጠላት ድንጋይ ከምትሸከም እዚያው ማይጨው ቀርተህ ቢሆን ይሻል ነበር የሚል ነገር ወረወረ፤ ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ድንጋዩ ነበር የተናደደው። ጋሼም “ሙት ያልከኝ አንተ ነህ አባባ። የሞተ ሰው ለማን እንደሚሠራ አይጠየቅም” አለው። ስንነሣ ጋሼ ወደ ጎን ወስዶኝ ትንሹ መራመድ ጀመረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ መጀመሩን ስነግረው በጨርቅ የቋጠረውን ስኳር ሰጠኝ። ተራራው ላይ ዝናብ መታንና ስኳሩ ሟሙቶ ጨርቁ ብቻ ደረሰ።

ሥራው ወደ ግቤ ሲወርድ ጋሼ አብሮ ወረደ። የግቤ በረሃ ወባ ሰው እንደ ቅጠል ያረግፋል ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋብን።

አንድ የገበያ ቀን እናቴና እኔ ከደጃፍ ላይ ቃጫ ስናሰጣ የስልጤ ሰው የሆነ መንገደኛ መጣ። ከግቤ ወደ አገሩ የሚመለስ ሠራተኛ ነው፤ ፊቱ በንዳድ ቢጫ ሆኗል። ሰላምታ ሰጥቶ የምትኩ ቤት ይህ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ ነው አለችው። ሰውዬው ጥምጥሙን አውልቆ በእጁ ያዘ።

“ምትኩ ሞቷል እናቴ። አላህ ያጽናሽ።”

ልጁ በዚያን ጊዜ ከጉልበቷ አጠገብ ጭቃ ይጠፈጥፍ ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ ግንባሩን ዳሰሰች፣ “ይኸው አለ” አለችው ሰውዬውን። እሱ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። የገባኝ እኔ ቀድሜ ነው። እናቴ ልጁን እንደያዘች የእኔን ፊት አየች፣ ከእኔ ፊት ላይ አነበበችው።

ልጮህ አፌን ስከፍት እጇን አፌ ላይ ጫነችው። ጀፎሮው ላይ ገበያተኛ ያልፋል። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ለዚህ ሰው አልቅሰው ጨርሰዋል፣ ተዝካሩን በልተዋል፤ ዛሬ ስለማን ነው የምናለቅሰው ብንባል ምን እንላለን? እናቴ ሰውዬውን ወደ ቤት አስገብታ አበላችው። በሕመሙ መጨረሻ ላይ ይቃዥ እንደነበር፣ ቤቱን ሲጠይቁት የመንደራችንን ስም እንደነገራቸው፣ ከመንገዱ ዳር ከሌሎች ጋር እንደቀበሩት ነገራት። በምን ስም እንደቀበሩት አልጠየቀችም። እሱን ሸኝታ ተመልሳ ያስቀመጠችውን ቃጫ አነሣች፣ እስኪመሽ ድረስ ስታሰጣ ዋለች። አንዴም አላነባችም። ያን ሙሾ ቆጡ ሥር ጨርሳው ነበር።

ጣልያን ከወጣና አገር ነፃ ከሆነ በኋላ በሰሜን ለወደቁት በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረገ። ቄሱ የወንድሜን ስም ጠሩ። መርዶ ያመጣው ጎረቤታችን ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ነበር። እናቴ በሴቶቹ መሐል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ “የእኔ ልጅ ግቤ ነው ያለው” አለች። ሴቶቹ ሐዘን አእምሮዋን ነክቶት መስሏቸው ደግፈው አወጧት። እቤት ስንደርስ ለልጇ በስሙ ለቅሶ እንዲደረግለት አባቴን ለመነችው። አባቴ እምቢ አለ። ለጠላት ድንጋይ ሲሸከም ሞተ ከሚባል ይህ አይሻልም ወይ፣ ሕዝብ ያከበረውን ልጅ ለምን እናዋርደዋለን አላት።

“ሞቱንም ተካችሁበት” አለችው። እስክትሞት ድረስ ከሱ ጋር በአንድ ገበታ አልበላችም።

ምትኩ ያደገው በጎረቤታችን ተረት ነው። ስሙን ለጠየቀው ሁሉ መድፍ ስለማረከው ወንድሙ ይተርካል፤ እናቴ ስትሰማ ተነሥታ ትወጣለች። እሷና አባቴ ካለፉ በኋላ፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ወንድ ልጁን ስትወልድለት፣ ልጁን በጋሼ ስም ልጠራው ነው ብሎ ሊያማክረኝ መጣ። ያኔ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቆጡን፣ ገመዱን፣ አሠሪው ሲጣራ የሰማሁትን፣ ከግቤ የመጣውን ሰው። እስከ መጨረሻው አልተነሣም። ስጨርስ ለማን ለማን እንደነገርኩ ጠየቀኝ። ለማንም አልኩት። ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ፤ ልጁንም በሌላ ስም ጠራው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው፤ ይህን የምጽፈውም በእርጅናዬ ነው። ምትኩ አሁን ሽማግሌ ነው። ለመስቀል መስቀል ይመጣል፣ ክትፎ ቀርቦለት ይበላል፣ ስለ ልጆቹና ስለ እንሰቱ በሽታ እናወራለን። ጋሼ ግቤ ከመንገዱ ዳር የተቀበረበትን ቦታ አይቼው አላውቅም፤ መንገዱ ኋላ እንደገና ሲሠራ ሰፍቷል ይላሉ።